ማንም የማይጎትታቸው አጥንቶች

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ የሚወድቅ ሰው አይጠፋም። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ነው ያለችው። ዝናቡ ሲመጣ ኮብልስቶኑ ያንሸራትታል፣ ኮብልስቶን ያልደረሰበት ደግሞ ጭቃ ነው። የሰው አወዳደቅም ይመሳሰላል። ጭንቅላቱን ለማዳን፣ ወገቡን ለማዳን፣ አንዳንዴም በፌስታል የያዘውን እንቁላል ለማዳን ሲል መዳፉን ዘርግቶ መሬት ላይ ይተክላል። ከዚያ ብድግ ብሎ ዙሪያውን ያያል። ማንም ካላየው "አልሐምዱሊላህ" ይላል፣ ካዩት "ምንም አልሆንኩም" ይላል። እጁን አራግፎ መንገዱን ይቀጥላል። ማታ የእጅ አንጓው ማበጥ ይጀምራል።

እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እንዲሁ ወደቅሁ፣ በቀኝ እጄ። ስለ አወዳደቄ ከዚህ በላይ የሚወራ የለም። ልጽፍ የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ስለ መጣው ነገር ነው። እጄ ጀሶ ውስጥ ሆኖ ሥራ ሲፈታ፣ እኔ የሰው አንጓ ላይ ማፍጠጥ ጀመርኩ። ቡና የሚቀዳ እጅ፣ ሊጥ የሚያቦካ እጅ፣ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሳንቲም የሚመልስ የረዳት እጅ። ያ ሁሉ ሥራ የሚያልፈው 8 ትንንሽ አጥንቶች ተጠባብቀው በተቀመጡበት ቦታ ነው። ሰው ስለ ልቡና ስለ ኩላሊቱ ብዙ ያወራል። ስለ አንጓው ግን እስኪጎዳ ድረስ ማንም አያነሳም።

አጥንቶቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ናቸው። 4ቱ ወደ ክንድ፣ 4ቱ ወደ ጣቶች። በጣቶች በኩል ያለው ረድፍ ከመዳፍ አጥንቶች ጋር ጥብቅ ብሎ የታሰረ ስለሆነ መዳፍ ወደሄደበት አብሮ ይሄዳል። ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም። በክንድ በኩል ያለው ረድፍ ነው ጉደኛው። በአውራ ጣት ወገን ስካፎይድ አለ፣ መሃል ላይ ሉኔት፣ በትንሿ ጣት ወገን ትራይኩትረም። አራተኛዋ ፒሲፎርም ትባላለች። እሷ ትራይኩትረም ላይ ተደርባ ስለምትቀመጥ በመታጠፉ ሥራ ብዙም አትቆጠርም።

ፊዚዮቴራፒ የሚሠራልኝ ወጣት ግድግዳው ላይ ትልቅ የእጅ ሥዕል ለጥፏል። አንድ ቀን እጄን እያፍታታ፣ "ቲቸር፣ እስቲ ከክንድ የሚወርዱትን የጡንቻ ጅማቶች በዓይንዎ ይከተሏቸው። እነዚህን ሦስቱን አጥንቶች የሚጎትታቸው የቱ ነው?" አለኝ። ተከተልኳቸው። አንዱ ወርዶ ሌባ ጣት ሥር ያለውን የመዳፍ አጥንት ይይዛል። ሌላው የመሃል ጣቱን። ሌላው ዞሮ የትንሿን ጣት። አንዱ ፒሲፎርም ላይ ያርፋል። ሦስቱን ግን ሁሉም እየዘለለ ነው የሚያልፋቸው።

"የለም" አልኩት።

"የለም!" አለኝ፣ ካርታ የበላ ሰው ይመስል እየሳቀ።

ሐረጎን በሚኒባስ የወረደ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ኋላ ወንበር ላይ መሃል የተሰነቀረው ተሳፋሪ መሪ የለው፣ ፍሬን የለው፣ የሚጨብጠው ብረት እንኳ የለው። ጥምዝምዙ ላይ ግራና ቀኙ ያሉት ሲጫኑት ይጋደላል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ሦስቱ አጥንቶችም አኗኗራቸው ይኸው ነው። በአንድ በኩል ክንድ አለ፣ በሌላ በኩል መዳፍ። ጡንቻ መዳፍን ይጎትታል፣ መዳፍ እነሱን ይገፋቸዋል፣ እነሱ ደግሞ እንደየቅርጻቸው ይዞራሉ፣ ይደፋሉ፣ ይቀለበሳሉ። ከቦታቸው እንዳይወጡ የሚያደርጋቸው በዋናነት አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ነው።

ይህን በራሳችሁ እጅ መሞከር ትችላላችሁ። መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጉ። በመዳፍ በኩል፣ አውራ ጣት ሥር፣ አንጓው የሚሸበሸብበት መስመር አጠገብ ትንሽ ጉብ ያለ አጥንት አለ። የስካፎይድ ጫፍ ነው። የሌላኛውን እጅ አውራ ጣት እዚያ ላይ አሳርፉና አንጓችሁን ወደ አውራ ጣት በኩል አጋድሉት። አጥንቱ ብቅ ብሎ ጣታችሁን ይገፋል። አሁን ወደ ትንሿ ጣት በኩል አጋድሉት። አጥንቱ ይጠፋል። እጅ ወደ አውራ ጣት ሲያጋድል በዚያ በኩል ያለው ቦታ ይጠብባል፣ ስለዚህ ስካፎይድ ወደ መዳፍ ጎንበስ ብሎ መንገድ ይለቃል። ወደ ትንሿ ጣት ሲያጋድል ቦታው ይሰፋል፣ እሱም ቀና ይላል። እኛ ጎን ለጎን ያንቀሳቀስን ይመስለናል። ውስጥ ያለው አጥንት ግን የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፣ መስገድና መነሳት።

ሉኔት ደግሞ መሃል ላይ ሆኖ የሁለት ጎረቤት ጸብ የሚያስታርቅ ነው። ስካፎይድ ሁልጊዜ ወደ መዳፍ መደፋት ይፈልጋል። ትራይኩትረም ወደ ኋላ መቀልበስ ይፈልጋል። ሉኔት ከሁለቱም ጋር የታሰረ ስለሆነ የሁለቱ ጉተታ እርስ በርሱ ይጠፋፋና ሚዛን ይዞ ይቆማል። ከስካፎይድ ጋር የሚያያይዘው ጅማት ከተበጠሰ ግን ዕርቁ ፈረሰ። ስካፎይድ ብቻውን ይደፋል፣ ሉኔት ከትራይኩትረም ጋር ወደ ኋላ ይቀለበሳል። አንድም አጥንት ሳይሰበር አንጓው ሥርዓቱን ያጣል ማለት ነው። በጊዜ ካልታከመ ከዓመታት በኋላ አጥንት ከአጥንት እየተፋተገ መገጣጠሚያው ይበላል። "ያኔ ወድቄ ወለምታ ነበረኝ፣ አሁን ብርድ ሲሆን ይይዘኛል" ከሚሉን አዛውንቶች መሃል ስንቱ ይህ ይሆን እላለሁ።

ይህ ሁሉ ድሮ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ ላይ ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ ሥዕሎቹ አንዱም የሚስቱ እጅ ነው። ቀለበቷ ጣቷ ላይ ይታያል። በዓመቱ፣ በ1896፣ ቶማስ ብራይስ የተባለ የስኮትላንድ አናቶሚ አዋቂ ሕያው እጅ በራጅ እያነሳ ስለ አንጓ እንቅስቃሴ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልቆመም። አንዱ ወገን አጥንቶቹ በረድፍ ነው የሚሄዱት ይላል፣ ሌላው በቁመት ከፍሎ እንደ አምድ ነው የሚያያቸው። የሁሉም ሰው አንጓ አንድ ዓይነት አለመሆኑም ታይቷል። የአንዱ ስካፎይድ ብዙ ይደፋል፣ የሌላው ጎን ለጎን መንሸራተት ያበዛል። እኔ በበኩሌ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። መቶ ዓመት ሙሉ ሊቃውንት ያከራከረ ነገር ጓንት ውስጥ ይዞ መዞር ቀላል ነው?

ጀሶው ከተነሳ በኋላ ልምምዴ የጀመረው በአንድ ሰያፍ መስመር ነው። ፊዚዮቴራፒ የሚሠራልኝ ልጅ ክንዴን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አሳረፈና እጄን ከላይ ወደ ታች እንዳወርደው አሳየኝ። ሲነሳ ወደ ኋላና ወደ አውራ ጣት በኩል፣ ሲወርድ ወደ ፊትና ወደ ትንሿ ጣት በኩል። በሙያው ቋንቋ የዳርት ወርዋሪ እንቅስቃሴ ይሉታል አለኝ። ዳርት ትንሽ ቀስት ወደ ሰሌዳ የሚወረወርበት ጨዋታ ነው፣ ደሴ ውስጥ የሚጫወተው ሰው አላውቅም። ጀበና የማይቀዳበት ቤት ግን የለም። ቤት ሄጄ እናቴ ቡና ስትቀዳ ሳይ ያው መስመር ነው።

ጎኗ ቁጭ ብዬ በደንብ አየኋት። ጀበናው ከረከቦቱ አጠገብ ሲነሳ አውራ ጣቷ ወደ ላይ ነው፣ አንጓዋ ትንሽ ወደ ኋላ ቀና ብሏል። ክርኗ ከጎኗ ይርቃል። ቡናው መውረድ ሲጀምር ክንዷ ዝም ይላል፣ መዳፏ ብቻ በትንሿ ጣት በኩል ቀስ እያለ ይወርዳል። ከሲኒ ወደ ሲኒ ስትሻገር አንጓዋን አትመልሰውም፣ ያለበት ላይ አቁማው በትከሻዋ ነው የምትሄደው። ለዚህ ነው ቡናው ሳይቆረጥ ስድስት ሲኒ የሚሞላው። መጨረሻ ላይ ዝቃጩ ሊመጣ ሲል ደግሞ አንጓዋ ትንሽ ብቻ ቀና ይላል። ዓይኔ እዚያ ላይ ባይሆን ኖሮ አላየውም ነበር። ጀበናው ቆመ፣ ዝቃጩ ውስጥ ቀረ። ይህን ማንም አላስተማራትም፣ ብትጠየቅም አትነግርህም።

ልጁ ይህን መስመር የመረጠልኝ ምክንያት ደግሞ ይህ ነው። እጅ በዚህ ሰያፍ መስመር ሲሄድ በክንድ በኩል ያለው ረድፍ ብዙም አይነቃነቅም። እንቅስቃሴው የሚሠራው በሁለቱ ረድፎች መካከል ባለው መገጣጠሚያ ነው። የተጎዳው ረድፍ አርፎ እጁ ይሠራል ማለት ነው። ሚስማር መምታትም፣ ድንጋይ መወርወርም፣ ዝንብ ማባረርም በዚህ መስመር ነው የሚሄዱት። ሰው ቀኑን ሙሉ አንጓውን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ የሚያጥፍበት ሥራ ፈልጉ ብትባሉ ትቸገራላችሁ። ቁልፍ ማዞርና መዳፍ መገልበጥ ደግሞ ጭራሽ የአንጓ አጥንቶች ሥራ አይደለም። እዚያ ላይ የሚዞሩት የክንድ ሁለት አጥንቶች ናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተሻገረ።

"ይኸው ሐኪም ያዘዘልኝ ነው" ብዬ ጀበናውን ልቀበላት ስል እናቴ አልሰማችኝም። "ሐኪሙ ጀበና ይገዛልኛል? ልጄ፣ መጀመሪያ በውሃ ተለማመጂ" አለችኝ። ልክ ናት።

አንድ ሌላ ሙከራ ልጨምር፣ ተማሪዎቼን አስቄበታለሁ። አንጓችሁን ወደ ፊት እስከ መጨረሻው እጠፉትና በዚያው ጠንካራ ጡጫ ለመጨበጥ ሞክሩ። እምቢ ይላል። አንጓችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ቀና አድርጋችሁ ጨብጡ፣ ኃይሉ ይመለሳል። ጣቶቻችንን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው፣ ጅማታቸው አንጓን አቋርጦ ነው ጣት የሚደርሰው። አንጓ ወደ ፊት ሲታጠፍ እነዚያ ይላላሉ፣ በጀርባ በኩል ያሉት ደግሞ ተወጥረው ጣቶቹን ይከፍታሉ። አንጓ ጥሩ ካልቆመ ጣት ብቻውን የትም አይደርስም።

ወደ ወደቅሁበት ማታ ልመለስ። እናቴ ቅቤ አቅልጣ ነበር የጠበቀችኝ። "ወለምታ ነው፣ ነገ ወጌሻ ጋ ሄደሽ ትታሻለሽ" አለች። እኔ ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም። የወጣ ትከሻ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሐኪም ቤት ሩቅ በነበረበት ዘመን ስንቱን ገበሬ ለእርሻው ያበቁ ናቸው። ግን የአንጓ ነገር ይለያል። የስካፎይድ ስብራት እጅን አያጣምምም። እብጠቱም ብዙ ላይሆን ይችላል። ጣት ይንቀሳቀሳል፣ ሰውየው እቃ ያነሳል። በመዳሰስ የሚገኝ የተሰበረ ጫፍም የለውም። ታዲያ በምን ያውቁታል? ማሸት ደግሞ የተሰነጠቀውን አጥንት ያነቃንቀዋል እንጂ አይገጥመውም።

ሐኪም ቤትም ቢሆን ወዲያው አልተገለጠም። የመጀመሪያው ቦታ ራጅ አንስተው "ስብራት የለም" ብለው የሕመም ማስታገሻ ሰጡኝ። ሌላ ሐኪም ነው እጄን ያዘና አውራ ጣቴን ወደ ላይ አስዘርግቶ፣ ሥሩ ላይ በሁለት ጅማቶች መካከል የሚፈጠረውን ጎድጓዳ በጣቱ የተጫነው። ከወንበሬ ዘለልኩ። "ይበቃኛል" አለ። ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እንደ ስብራት ቆጥሮ አውራ ጣቴን ጨምሮ ጀሶ አደረገልኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ እንድነሳ ቀጠረኝ። በድጋሚው ራጅ ላይ ቀጭን መስመር ታየ። ይህ የማንም ስንፍና አይደለም። ቀጭን ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ በራጅ ላይታይ ይችላል፣ ቀናት ሲያልፉ ነው የሚለየው። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያለበት ቦታ ቶሎ ሊያውቁት ይችላሉ።

ይህን ያህል የሚጠነቀቁለት ለምንድነው ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ የደም ጉዳይ ነው። ስካፎይድ ውስጥ የሚገባው ደም አብዛኛው የሚገባው በጣቶች በኩል ካለው ጫፉ አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ክንድ ይመለሳል። አጥንቱ ወገቡ ላይ ሲሰበር በክንድ በኩል የቀረው ቁራጭ ደሙ ይቋረጥበታል። ቀስ ብሎ ይድናል፣ አንዳንዴ አይገጥምም፣ አንዳንዴም ቁራጩ ይሞታል። ለዚያ ነው ጀሶው የሚረዝመው፣ ለዚያ ነው አንዳንዱ በብሎን የሚታሰረው። ለእናቴ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችና "ታዲያ ለዚህ አይደል ቅቤ የምልሽ፣ ደም ያንቀሳቅሳል" አለች። ምን ይባላል?

መሃል ላይ አንድ የኳስ ወሬ ጣል ላድርግ፣ ተማሪዎቼ ከጽሑፉ ሁሉ ይህን ብቻ እንደሚያነቡ ስለማውቅ። ሕፃን ሲወለድ እነዚህ 8 አጥንቶች ገና ጠንካራ አጥንት አይደሉም፣ ልም አጥንት ናቸው፣ ራጅ ላይ አይታዩም። በመጀመሪያዎቹ ወራት መሃል ያለው ካፒቴት ቀድሞ ብቅ ይላል፣ ሌሎቹ በየጊዜያቸው ይከተላሉ፣ ፒሲፎርም መጨረሻ ናት፣ ከ8 ዓመት በኋላ ነው የምትመጣው። ሐኪሞች የልጅን የአጥንት ዕድሜ በእጅ ራጅ የሚገምቱት በዚህ ጭምር ነው። ፊፋ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የተጫዋቾችን አንጓ በኤምአርአይ ያያል። እዚያ የሚታየው የክንድ አጥንት ማደጊያ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለመዘጋቱ ነው። በልደት ሰርተፊኬት የታለፈ ስንት ጉዳይ አንጓ ላይ ደርሶ ተይዟል።

አሁን የሚቀረኝ ወደ ኋላ መታጠፉ ነው። ጤነኛ አንጓ ወደ ፊት 80 ዲግሪ፣ ወደ ኋላ 70 ዲግሪ አካባቢ ይታጠፋል። ወደ አውራ ጣት 20፣ ወደ ትንሿ ጣት 30 ያጋድላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለአብዛኛው የዕለት ሥራ ወደ ፊት 5፣ ወደ ኋላ 30 ዲግሪ ይበቃል ብሎ ነበር። በ1991 ሌሎች ለክተው የለም፣ በሁለቱም በኩል 40 ያስፈልጋል አሉ። ልጁ ይህን የነገረኝ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። 40ዋን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ጠመኔ እይዛለሁ፣ ሊጥ አቦካለሁ፣ የታክሲ በር እዘጋለሁ።

ሱጁድ ላይ ነው የሚያስቸግረኝ። ግንባር መሬት ላይ ሲያርፍ መዳፍ ይዘረጋል፣ ያ እንኳ ይቻላል። ችግሩ ሲነሱ ነው። የሰውነት ክብደት በተዘረጋው መዳፍ ላይ ሲመጣ አንጓ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ይጫናል። ስወድቅ የተጫነው ያው አቅጣጫ ነው። ነገሩን ለልጁ ስነግረው "በጭብጥዎ ይነሱ" አለኝ። ጡጫ ጨብጬ መሬት ላይ ስደገፍ አንጓው ቀጥ እንዳለ ይቀራል፣ ክብደቱም ሳያጣምመው ከክንድ ወደ ጡጫ ይወርዳል። አንጓ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከጫናው 80 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ነው፣ ቀሪውን በትንሿ ጣት በኩል ያለው። ስጋጃው ላይ የጣቶቼ አንጓ ትንሽ ያመኛል እንጂ እነሳለሁ። ሐኪሙ ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ቀጥሮኛል፣ አንድ የመጨረሻ ራጅ አይቶ ሊያሰናብተኝ።